ሟርተኛው መካኒክ

ከማሉዲን መኪና ተሰበረ ሲሉት የሚናደድ ሰው አልነበረም። መኪና ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ያልቃል። የሱን ደም የሚያፈላው ሌላ ነገር ነው። «ይኼ ዕቃ ሊያልቅ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል፣ ከአሁኑ ይቀየር» ሲላቸው ባለመኪኖቹ የሚሰጡት መልስ ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አታሟርት» ይሉታል።

እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል? ገበሬ ማረሻው ሲዶለድም ቀጥቃጭ ዘንድ ይወስደዋል እንጂ ድንጋይ ላይ ለሁለት እስኪሰነጠቅ አይጠብቅም። ጣራው የሳሳበት ሰው ሰኔ ሳይገባ ሣር ይጨምራል። ይህን ያደረገ ሰው ብልህ ይባላል፣ ይመሰገናል። መካኒክ ሲናገረው ግን ገና ያልመጣ ክፉ መጥራት ሆነ። በወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ውስጥ ከገበያው በላይ ባለችው የቆርቆሮ ዳሱ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ ከማሉዲን ይህን ቃል ያልሰማበት ሳምንት ቢኖር መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ መኪና ያልመጣበት ሳምንት ብቻ ነው።

ሙያውን የተማረው ደሴ ነው። ሲናገር ቁጡ ነው፤ እጁ ግን ትዕግሥተኛ ነው። የትኛው ዕቃ እስኪሞት እንደሚነዳና የትኛው ሳይሞት እንደሚሸኝ የራሱ ሕግ ነበረው። ባሌስትራ ቢሰነጠቅ በጠፍር አስረህ ትገባለህ። ጎማ ቢሳሳ ለፍተህ፣ ጠግነህ ትደርሳለህ። «ፍሬን ግን ሌላ ነው» ይላል። «ሌላው ዕቃ ሲያልቅ መኪናው ይቆማል። ፍሬን ሲያልቅ መኪናው አይቆምም።» ስለዚህ የፍሬን ሸራ ሲመረምር የአውራ ጣቱን ጥፍር ሸራውን ከብረቱ ጋር በያዙት የመዳብ ምስማሮች ላይ ያሳርፋል። ጥፍሩ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ ሸራው ገና ነው። ጥፍሩ ለጥ ያለ ሜዳ ካገኘ፣ መኪናው ከዚያች ቦታ መነቃነቅ የለበትም።

ችግሩ አንድ ጊዜ የተናገረው ነገር በማግስቱ መድረሱ ነበር። በ1964 የአንድ ነጋዴ መኪና ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ መሰነጣጠቁን አይቶ፣ አጅባር ሳትደርስ ይበጠሳል አለው። ነጋዴው ሳቀበት፤ ቺንጋው አጅባር ሳይደርስ ተበጠሰ። ሌላ አገር ቢሆን «ይህ ሰው አዋቂ ነው» ብለው በሰልፍ ይመጡለት ነበር። እዚህ ግን «አፉ ነው የበጠሰው» ተባለ። ወሬው ሚስቱ መድና ውሃ የምትቀዳበት ምንጭ ድረስ ወረደ። አንዲት ሴት ልጇን ከመድና ዓይን በነጠላዋ ስትሸፍን መድና አየች። ያን ቀን ቤት ገብታ እንስራዋን አስቀመጠችና ለባሏ እንዲህ አለችው፦ «አንተ ሰውዬ፣ ልጆች አሉን። አይተህም እንዳላየህ እለፍ። የሰው መኪና ቢሰበር ላንተ ምንህ ነው?»

ለሱ ምኑ እንደሆነ ያውቃል። ከመካነ ሰላም ደሴ ከሚመላለሱት መኪኖች ሁሉ አሮጌውን የሚነዳው ቢተው ነው። ቢተውና ከማሉዲን ደሴ ሳሉ አንድ ክፍል ተከራይተው አንድ ብርድ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲስም ሌላው መስጊድ ይሰግዳል፤ ሲመለሱ አንድ ሽሮ ይጋራሉ። ቢተው የሚነዳው መኪና ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ሲሆን ባለቤቱ ባላምባራስ ንጉሡ ናቸው። ከማሉዲን የዚህን መኪና የፍሬን ሸራ ቀይሩ ማለት የጀመረው በ1962 ነበር። ባላምባራስ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

በ1965 በልጉ ቀረ። ከአባይ በኩል ካለው ቆላ ገበሬዎች ተነሥተው መጡና የወረዳው ግዛት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሙ። ዝናቡ እንደቀረ፣ ከብቱ እንዳለቀ፣ ሰኔን የሚሻገር ቤት እንደሌለ ሊያመለክቱ ነው የመጡት። ቸኮል የሚባለው ጸሐፊ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወጣ። ከማሉዲን ከመንገዱ ማዶ መኪና ሥር ተጋድሞ ነበርና እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ሰማዩ ገና ነው አላቸው ቸኮል። ረሀብ የሚባል ነገር ለበላይ አይጻፍም፤ ክፉ አትጥሩ፤ አታሟርቱ አላቸው። ከማሉዲን ከመኪናው ሥር ቶሎ ሊወጣ ሲል ራሱን ከብረት ጋር አላተመ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቃሏ ለሱ ብቻ የተሠራች ይመስለው ነበር። ለካ አገሩ በሙሉ በዚህች ቃል አፉ ተለጉሟል።

ግንቦት ሲደርስ ሰው በጽሕፈት ቤቱ ግንብ ሥር ይተኛ ጀመር። የተኛው ሁሉ አይነሣም። የቻለው እየተንገዳገደ በእግሩ ወደ ደሴ መንገድ ያዘ። የባላምባራስ ጎተራ ግን ከጭሰኛ በተሰበሰበ ስንዴ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ደሴ የእህል ዋጋ ጣራ ነክቷል ተባለ። ባላምባራስ ስንዴውን ጭነው ሊልኩ ቆረጡ። ከረሀብተኛው መሀል ተነሥቶ እህል ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ይህን ማንም ሟርት አላለውም።

ከመጫኑ በፊት ባለው ቀን ከማሉዲን የኋላውን ጎማ ፈታ። ጥፍሩን ማሳረፍ እንኳን አላስፈለገውም፤ የመዳቡ ምስማሮች ከሩቅ ያብለጨልጫሉ። እጁን ሳይታጠብ ባላምባራስ ደጅ ሄደ።

«ባላምባራስ፣ ሸራው አልቋል» አለ። «ያስኬዳል አያስኬድም የሚባልበት ቀን አልፏል። በደሴ መንገድ የደንጎራ ቁልቁለት ላይ አይይዝም።»

ባላምባራስ ጢማቸውን እያሻሹ አዩት። «አንተ ከማሉዲን፣ ይህን መኪና እኔ ስረከብ አንተ ገና ጥርስህን አልነቀልህም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይሰበራል ትለኛለህ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄዳል። ክረምቱ ሳይገባ ሁለት ጉዞ ብቻ ይበቃኛል። ከዚያ የፈለግኸውን ቀይር» አሉት። ቀጥለውም ዘንድሮ ገበሬውም መካኒኩም ሟርተኛ ሆነ ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ሦስት ዓመት ሄደ! አዎ ሄደ። የሄደው ሸራውን እየበላ ነው። ላም ሦስት ዓመት ታልባ ብትነጥፍ፣ ትናንት ታልባለችና ዛሬም ወተት አላት የሚል ሰው የለም። ከማሉዲን ይህን ሁሉ ያሰበው በር ከተዘጋበት በኋላ ነው፤ ጥሩ መልስ ሁልጊዜ የሚመጣለት በር ሲዘጋበት ነው።

ቢተውን ግን ያዘው። እንዳይነዳው ለመነው፣ ቆየት ብሎም ሰደበው። ቢተው መኪናውን ተደግፎ ሲሰማው ቆየና፦

«ከማሉ፣ እኔ እምቢ ብል ነገ ሌላ ሾፌር ያመጣሉ። ያ ሾፌር ደንጎራን አያውቀውም። ሚስቴ ሐረግና ልጆቹ ደግሞ የሚበሉት ከዚህ መሪ ላይ ነው፤ አንተም ታውቃለህ» አለው።

በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ጭነቱ ግማሽ ይሆናል፤ ቢተው ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች በአንደኛ ማርሽ እየጎተተ ያወርደዋል። ቢተው ሄዶ ግማሽ ብቻ እንዲጫን የባላምባራስን ቃል ተቀብሎ መጣ። ከማሉዲን ቀኑን ሙሉ የቀረችውን ሸራ ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ላይ አጠጋግቶ፣ ጠብቆ የማያውቀውን ሁሉ አጠበቀ። ከግማሽ በላይ ግን አንድ ኩንታል እንኳን እንዳይጨመር ቢተውን በእናቱ አስማለው።

ጠዋት ሲመጣ ስንዴው ከስፖንዳው፣ ከጎኑ መከለያ፣ በላይ ተቆልሏል። ሰባ ኩንታል ነው። ባላምባራስ ሌሊቱን አስበውበት ሁለቱን ጉዞ በአንድ አድርገውታል። ከማሉዲን ከገበያው ጀምሮ ሮጠ። ሮጦ ሲደርስ ግን ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተዋል።

በዚያ አገር መንገደኛ ሳይመረቅ አይሄድም። ሼህ አብዱሰላም በአንድ ወገን፣ መሪጌታ አሻግሬ በሌላ ወገን ቆመው መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተዋል። ሁለቱም ቤታቸው ባዶ ነው፤ ሁለቱም ለምርቃቱ አንዳንድ ቁና ስንዴ ተሰፍሮላቸዋል። ሼሁ መንገዱን ያግራ፣ ጎማውን ያጽና፣ ወጥቶ ከመቅረት ይሰውር እያሉ ነው። በግንቡ ሥር የተኙት እንኳን እጃቸውን ከፍ አድርገዋል። ዱዓ ተይዞ ክፉ አይጠራም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ምርቃት መሀል ገብቶ «ይህ መኪና ይገለበጣል» ያለ ሰው፣ መኪናው ቢገለበጥ የገለበጠው እሱ ነው። ልጆቹም የዚያ ሰው ልጆች ይባላሉ።

ከማሉዲን አፉን ከፈተ። ባላምባራስ አዩት። መድና በሰዎቹ መሀል ቆማለች፤ እሷም አየችው። ቢተው መሪው ላይ መዳፎቹን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ከሁሉም በላይ የሚያየው እሱ ነው። አንድ ቃል እየጠበቀ ይሁን ወይም ዝም በልልኝ እያለ ይሁን፣ ከማሉዲን እስከ ዛሬ አያውቅም።

«አሚን» አለ ሕዝቡ።

«አሚን» አለ ከማሉዲንም። ደግሞ ጮክ ብሎ ነው ያለው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠይቀው የለፈለፈ ሰው፣ መናገር ባለበት በዚያች ሰዓት እንደ ጨዋ ሰው አሚን አለ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ይደፋ!

ወሬው የደረሰው እኩለ ቀን ሲሆን ነው። ደንጎራ ድረስ እየሮጠም እየተራመደም ሄደ። መኪናው ከመታጠፊያው ሥር በጎኑ ተኝቷል። ጆንያዎቹ ተቀድደው ስንዴው በቁልቁለቱ ላይ እስከ ታች ፈሷል። ወደ ደሴ በእግራቸው ይሄዱ የነበሩት ረሀብተኞች በየአቅጣጫው ተንበርክከው ከአፈርና ከጠጠር ጋር እያፈሱ በጨርቃቸው ይቋጥራሉ። ጥሬውን የሚቆረጥሙም አሉ። ቢተው ከመንገዱ ዳር፣ ነጠላ ለብሶ ተጋድሟል። ነጠላዋ አሮጌና ንጹሕ ነበረች፤ እግሩ ጋ አልደረሰችም።

ከማሉዲን ነጠላውን ገልጦ አየና መልሶ ሸፈነ። ወዲያው ከጎኑ አንዲት አሮጊት ስንዴ እያፈሱ ሲያጉተመትሙ ሰማ። «ይህን የሰበረልን ጌታ የተመሰገነ ይሁን፤ የሰበረውንም እጅ ይባርክ» ይላሉ። ያ ሁሉ ንዴት መውጫ አጥቶ ሲንገላታ የዋለ ነውና በሳቸው ላይ ወጣ። በላያቸው ቆሞ ጮኸባቸው። ሰው ሞቶ እዚህ ወድቆ፣ እናንተ ሬሳ አጠገብ እህል ትለቅማላችሁ፣ አላህን አትፈሩም አላቸው።

አሮጊቷ አስቻለች ይባላሉ። ቀና ብለው አዩት፤ አልተቆጡም።

«ልጄ፣ የሸፈንሁት እኔ ነኝ፤ ነጠላዋ የኔ ናት» አሉት። «ሌላ የለኝም። ዓይኑንም የከደንሁት እኔ ነኝ። ለሟች የሚደረገውን አድርጌአለሁ፤ አሁን ደግሞ ልብላ።»

ከማሉዲን ሄደና በተገለበጠው መኪና ሥር እጁን ሰደደ። ታምቡሩ ገና ይሞቃል። ብረት ብረትን በልቶ ሰማያዊ ሆኗል። ቢተው ረግጧል ማለት ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ረግጧል፤ የሚይዝለት ነገር ግን አልነበረም።

በዚህ መሀል ባላምባራስ በበቅሎ፣ ከሳቸው ጋር ሦስት ፖሊሶች መሣሪያ ይዘው ብቅ አሉ። የመጡት ለቢተው አልነበረም። ፖሊሶቹ ገና ከሩቅ «እህሉን ልቀቁ» እያሉ ጠመንጃቸውን ከትከሻ አወረዱ። ከማሉዲን ያን ጊዜ ተነሥቶ መንገዱ መሀል ቆመና ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«ወዲህ አትጠጉ» አለ። «ነዳጁ ፈሷል፣ ሞተሩ ግሏል። ከአሁን አሁን ይፈነዳል።»

ናፍጣ እንዲህ በዋዛ እንደማይፈነዳ አሳምሮ ያውቃል። ፖሊሶቹ ግን ተያዩ፤ ከዚያም ወደ ኋላቸው እያፈገፈጉ ከመታጠፊያው ጀርባ ሄደው ተጠለሉ። ባላምባራስም በቅሏቸውን አዞሩ። ከማሉዲን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሟርቱ ታመነለት። ፖሊሶቹ ድፍረት አግኝተው እስኪመለሱ ድረስ አስቻለችና ሌሎቹ የቻሉትን ተሸክመው በገደሉ ወረዱ። ከማሉዲን ቢተውን ከሁለት ሰዎች ጋር ተሸክሞ ወደ ከተማ ወጣ። ነጠላዋንም ከሰልስቱ በኋላ አጥቦ አስቻለችን ፈለጋቸው፤ አላገኛቸውም።

ለሐረግ የነገራት ራሱ ነው። በሰልስቱ ቀን ለቅሶው መሀል ጎንበስ ብሎ ሸራው ማለቁን አውቅ ነበር፣ ሲመረቅም ደርሼ ነበር፣ አሚን አልሁ አላት። ሐረግ እንባዋን ጠረገች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?» አለችው።

ሟርት እንዳይሆን ብዬ ነው አላት። ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነች የሰማው ያን ጊዜ ነው። ሐረግ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግር ጥሏቸው መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳን ሰላም አትለውም። እሱም አልፈረደባትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። መንግሥት ወደቀ፤ ረሀብ ነበረ ተብሎ በራዲዮ ተነገረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መሬት ላራሹ ታወጀ፤ ባላምባራስም ጎተራቸውም ተወረሱ። ከማሉዲን መሬት ሲከፋፈል አጨበጨበ፤ ከልቡ ነው ያጨበጨበው። እዚያው ሳለ ግን መድረኩ ላይ ብዕሩን ጆሮው ላይ የሰካ ሰው አየ። ጸሐፊው ቸኮል ጓድ ቸኮል ሆኗል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም አለ ለራሱ፤ ይህቺን ግን ጮክ ብሎ አላላትም።

በ1968 ሚያዝያ ላይ ለላብ አደሮች ቀን ሰልፍ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ሰው እንዲሄድ ታዘዘ። የሚወስዳቸው ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። በዋዜማው ሾፌሩ ለከማሉዲን እንዲያየው ሰጠው። ከማሉዲን ጎማውን ፈትቶ ጥፍሩን አሳረፈ። ጥፍሩ ለጥ ያለ ሜዳ አገኘ።

በመሄጃው ጠዋት አርባ ሰው ስፖንዳው ላይ ተሳፍሮ ባንዲራ ይዞ ይዘፍናል። ከሴቶች ማኅበር የተመረጠችው ሐረግም ከኋላ ቆማለች። የኋላው ጎማ ግን መሬት ላይ ነው፤ ከማሉዲን ላዩ ላይ ተቀምጦበታል። ጎማውን የሚያስሩት ዳዶዎች ኪሱ ውስጥ ናቸው።

ጓድ ቸኮል መጥቶ ምን እንደሚጠብቅ ጠየቀው። ከማሉዲን ሸራ እየጠበቅሁ ነው አለ። ሸራ እስኪመጣ ሰልፉ ያልፋል፤ አንድ ጊዜ ደርሶ ይመለስና ይቀየራል አለ ቸኮል። ከማሉዲን ይህን ቃል ከባላምባራስ አፍ እንደሰማው ያስታውሳል። ቸኮል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ድሮ ሟርት ይባል ነበር። ዛሬ ስሙ አሻጥር ነው። አሻጥረኛ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

ያውቃል። በዚያ ዓመት የማያውቅ ሰው አልነበረም። መድና ከአጥሩ ሥር ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ተሳፋሪዎቹ ነገሩን ሳይሰሙ ምርቃት ይደረግልን ብለው ጠየቁ፤ አብዮት መጣ ብሎ ሳይመረቅ የሚሄድ ቦረናዬ የለም። ሼህ አብዱሰላም አርጅተዋል፤ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መዳፋቸውን ከፈቱ። አርባው ሰው እጁን ዘረጋ። ሼሁ መንገዱን ያግራው አሉ።

«አሚን» አለ ሰው ሁሉ።

«እኔ አላልሁም» አለ ከማሉዲን።

ጎማው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ድምፁ የቁጣ ነበር። «ሼህ፣ ዱዓው ይድረስ። እኔ ግን አሚን አልልም። አንድ ጊዜ ብያለሁ፤ ሰው ገድሎብኛል። ይህ መኪና ፍሬን የለውም፤ ደንጎራ ላይ ይገለብጣችኋል። ሟርት በሉት፣ አሻጥር በሉት፣ የፈለጋችሁትን በሉት። ሸራው ሲቀየር ያን ጊዜ አሚን እላለሁ።»

ቸኮል ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተያየ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ሰው ሰውን ፈርቶ ቆሞ ነበር። ከኋላ በኩል ግን አንድ ሰው ስፖንዳውን ይዞ እግሩን ወደ ታች ሰደደ። ሐረግ ነበረች። ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፤ በሰዉ መሀል አልፋ መጣችና ከከማሉዲን ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ያላናገረችው ሴት፣ ፊቱን ሳታየው አናገረችው።

«ሸራው ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ከደሴ እስኪመጣ አምስት ቀን» አላት።

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» አለች። ይህን ስትል ሁለተኛው ሰው ከመኪናው መውረድ ጀምሮ ነበር።